መጀመሪያ የልጁን እጅ እዩት

(ደብል ቤዝ ለሚማሩ ልጆች የሶሎ ሥራ ስለመምረጥ በጎንደር ለሙዚቃ መምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ እንግዶቻችን፤ እንደምን ዋላችሁ?

ስለ ዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት እንድናገር ነው የተጠራሁት። ሰዓቱም አዳራሹም በወረቀት ደርሷችኋል፤ እሱን አልደግመውም። የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው።

ፕሮግራሙ በታተመ ቁጥር ከቫዮሊኑ፣ ከፒያኖውና ከክራሩ በኋላ አንድ ደብል ቤዝ፣ ትልቁና ድምፁ ወፍራሙ የደጋን መሣሪያ፣ ይሰለፋል። ከጎኑ የሚጻፈው ሁልጊዜ ትልቅ ስም ነው፤ የእገሌ ኮንሰርቶ፣ ማለትም አንድ ሶሎ ተጫዋች በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚጫወተው ትልቅ ሥራ። መሣሪያው ከቁመቱ የሚበልጥ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ኮንሰርቶ! ማን መረጠለት? ልጁ አልመረጠም። እጁም አልመረጠም። የመረጠው የፊተኛው ረድፍ ወንበር ነው።

እስቲ ወደ እጁ እንምጣ። አዋቂው ሳይቀር የሚጫወትበት፣ ሦስት አራተኛ የሚባለው ደብል ቤዝ የክሩ ርዝመት 105 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንደኛ ፖዚሽን (ፖዚሽን እጅ አንገቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው) ከሌባ ጣት እስከ ትንሿ ጣት የሚያዘው አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ከዶ እስከ ሬ ያህል፣ ብቻ ነው። ለዚያች አንድ ድምፅ እጅ 10 ሴንቲ ሜትር መዘርጋት አለበት። ቫዮሊን ላይ ይኸው ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ቁልፎቹ ተጠግቶ ግማሽ ፖዚሽን ሲያዝ ደግሞ ወደ 11 ይጠጋል። ያልደረሰ እጅ ምን ያደርጋል? ትንሿ ጣት ቦታዋን ፍለጋ ስትዘረጋ ሌባ ጣትን ጎትታ ታመጣታለች፤ የታችኛው ድምፅ ከፍ፣ የላይኛው ዝቅ ይላል። አድማጩም «ይሄ ልጅ ጆሮ የለውም» ይላል። ጆሮውስ አለው፤ ያልደረሰችው ጣቱ ናት!

ስለዚህ ኖታ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ልጁ አውራ ጣቱን ከመሣሪያው አንገት ኋላ፣ ከመሀል ጣቱ ትይዩ ያድርግ። «ሬ» በሚባለው ክር ላይ ሚን በሌባ ጣት፣ ፋ ሻርፕን (ሻርፕ ድምፅን በግማሽ ከፍ የሚያደርግ ምልክት ነው) በትንሿ ጣት ይያዝ፤ የቀለበት ጣቱ ትንሿን ታግዛት። ሁለቱን ድምፅ እያፈራረቀ፣ ሌባ ጣቱን ሳያነሳ፣ ሃያ ሰከንድ ይጫወት። ሌባ ጣት ከተንሸራተተች መሣሪያው አልፎታል ማለት ነው። ክሩ 96 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደሆነው ግማሽ መጠን ይውረድ፤ ያ ከሌለ ትንሿ ጣት የማትበዛበት ሥራ ይመረጥለት። ኮንሰርቶውን ወደ መሳቢያው መልሱት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ኖታው ከአንዱ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ፣ የቤዙ ወረቀት ከአንድ እትም፣ የፒያኖው ከሌላ እትም ሆኖ ይደርሰናል። ደብል ቤዝ ሁለት ቅኝት አለው። ተራው፣ በኦርኬስትራ የምናውቀው፣ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ነው። የሶሎ ቅኝት የሚባለው አራቱንም አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ ፋ ሻርፕ፣ ሲ፣ ሚ፣ ላ ያደርጋቸዋል። በሶሎ ቅኝት እትም የቤዙ ወረቀት በሬ ሜጀር ከተጻፈ የፒያኖው በሚ ሜጀር ነው የሚጻፈው። ልጁ በተራው ቅኝት፣ አጃቢው በሶሎው ሲነሡ ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ በአንድ ድምፅ ይጋጫሉ። ይህ የሚታወቀው መቼ ነው? በመጨረሻው ልምምድ! ያኔ መፍትሔ ተብሎ ቁልፉ ይጠመዘዛል። ለተራው ቅኝት የተሠራ ክር አንድ ድምፅ ወደ ላይ ሲሳብ ውጥረቱ በ26 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክሩ ይበጠሳል፤ ባይበጠስ የመሣሪያው ሆድ ይጨነቃል፤ ልጁም ለወራት የለመደው ክር በአንድ ቀን እንደ ሽቦ ይደድርበታል። ለሶሎ ቅኝት የተሠራ ክር ለብቻው አለ፤ ዋጋውን የጠየቀ ያውቀዋል። ጎበዝ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ለማስቀረት የሚበቃው ሻርፕ መቁጠር ነው! ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጉ። የፒያኖው ከቤዙ በሁለት ሻርፕ ከበለጠ፣ ወይም በሁለት ፍላት (ድምፅን በግማሽ ዝቅ በሚያደርገው ምልክት) ካነሰ፣ ያ እትም ለልጃችሁ አይደለም።

«ቦቴሲኒስ?» የሚል አይጠፋም። መልካም፣ ስለ ቦቴሲኒ እንነጋገር። በደብል ቤዝ ተጫዋችነቱና አቀናባሪነቱ የታወቀው ጆቫኒ ቦቴሲኒ በ1821 እ.ኤ.አ. ጣልያን ውስጥ ተወለደ። በ1835 ሚላኖ ኮንሰርቫቶሪ ሊገባ ሲሄድ በነፃ ለመማር የቀሩት ቦታዎች ባሱን ለሚባለው የትንፋሽ መሣሪያና ለደብል ቤዝ ብቻ ነበሩ። ደብል ቤዝን የመረጠው እንዲህ ነው። ግን እጁ ባዶ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ቫዮሊን ተምሯል፤ ጆሮውም ደጋን የሚይዝ እጁም ተሟሽተዋል። በኋላ ዓለምን ያስደመመበት መሣሪያ ደግሞ መሣሪያ ሠሪው ቴስቶሬ የሠራው፣ ሦስት ክር ብቻ የነበረው፣ ከተራው ከፍ ተደርጎ የሚቃኝ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ካይሮ፣ የጣናው ዓባይ በሚደርስበት፣ የኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ኦፔራ «አይዳ» በታኅሣሥ 1871 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ኦርኬስትራውን የመራው እሱ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ለራሱ እጅና ለራሱ ቅኝት የጻፈውን፣ ከመሣሪያው ጋር አንድ ዓመት ያልቆየ ልጅ ፊት እናስቀምጣለን? ለስሙ ስንል? ስሙማ ያሳስታል። በብዙ ፕሮግራም ላይ በሌላው ዝነኛ የደብል ቤዝ ተጫዋች ስም «ድራጎኔቲ» ተብሎ የሚታተመውን የላ ሜጀር ኮንሰርቶ የጻፈው ፈረንሳዊው ኤድዋር ናኒ ነው፤ ድራጎኔቲ በ1846 ሲሞት ናኒ ገና አልተወለደም።

እሺ፣ ምን ይጫወት? ትዝታ ይጫወት። ይህን ስል ፊታቸውን የሚያጠቁሩ አሉ፤ «ለማሟያ ይሁን» ይሉኛል። አዝማሪ በበቀለበት በጎንደር ትዝታ ማሟያ ሆነ? ጣቱን እንቁጠረው። ትዝታ ሜጀር ከሬ ሲነሣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ ነው። ሬ ጣት ሳይነካው ይጮሃል፤ ሚ በሌባ ጣት፣ ፋ ሻርፕ በትንሿ ጣት፤ ወደ ሶል ክር ስንሻገር ላ በሌባ ጣት፣ ሲ በትንሿ ጣት። አምስቱም በአንደኛ ፖዚሽን፣ እጅ ሳይነቃነቅ! ማይነሩ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት ነው፤ ትንሿን ጣት በመሀል ጣት ከመተካት በቀር የሚለወጥ የለም። እንዲያውም ጣቷ ላልደረሰችለት ልጅ የሚመረጠው ማይነሩ ነው። ቀጥሎ አምባሰል፦ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት፤ ሁሉም በግማሽ ፖዚሽን ይገኛል፤ ግን ቅድም እንዳልኩት እዚያ እጅ ይበልጥ ይዘረጋልና ከትዝታ አይቅደም። ባቲ ዶ ሻርፕ ስላለው እጅን ወደ ላይ ያስኬዳል፤ የመጀመሪያው የቦታ ለውጥ ትምህርት በሱ ይሁን። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የማሲንቆውን እሽክርክሪት ልጁ ደብል ቤዝ ላይ እንዲቀዳ አታስገድዱት። ወፍራም ክር እስኪጮህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፈጣን ጌጥ ከመሰማቱ በፊት ያልፋል።

ከውጭው ሥራ የማርቼሎ ሚ ማይነር ሶናታ ደህና ነው። መጀመሪያ ለቼሎ የተጻፈ ቢሆንም አራቱም ባዶ (ጣት ያልነካቸው) ክሮች ሥራው በሚጠቀምባቸው ድምፆች ውስጥ ስላሉ ልጁ በየመሀሉ ድምፁን ያመሳክርባቸዋል። አንዱን ክፍል ብቻ ውሰዱ፤ ወደ አውራ ጣት ፖዚሽን፣ አውራ ጣትም ክር ላይ ወደሚያርፍበት ከፍተኛ ቦታ፣ የሚወጣ እትም ከሆነ ተዉት። የሴን ሳንስ «ዝሆን» ሁሉም የሚወደው ነው፤ ሚ ፍላት ሜጀር መሆኑን ግን አስቡ። ከባዶ ክሮች ሬና ሶል ብቻ ናቸው የሚያገለግሉት፤ ግማሽ ፖዚሽንም ይበዛዋል።

«ዝግ ያለ ሥራ ይቀላል» የሚለውንም ተዉት። ደጋኑ አጭር ነው። ረጅም ድምፅ ላይ ልጁ መጀመሪያ ላይ ቸኩሎ ደጋኑን ይጨርሰዋል፤ መጨረሻው ይሰልላል። መካከለኛ ፍጥነት ይሻላል፤ ርዝመቱም ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

አጃቢዎች፣ ደብል ቤዝ ከተጻፈው አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያህል) ዝቅ ብሎ ነው የሚጮኸው። ግራ እጃችሁ ይሸፍነዋል፤ አቅሉት።

የአዳራሹ ወለል ልሙጥ ስለሆነ የመሣሪያው እግር ይንሸራተታል፤ ምንጣፍ ይዛችሁ ኑ። የሥራውን ስም ስትሰጡን የመሣሪያውን መጠንና የፒያኖውን ወረቀት ቅኝት አብራችሁ ጻፉልን፤ ሁለቱ የሌሉበትን ወረቀት አንቀበልም። አመሰግናለሁ።