የአጎቴ ታፖር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ስለ መጥረቢያ ነው የማወራው። አትሳቁ።

አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት የተማረ ሰው ነው። በበዓል ዋዜማ እንጨት ሊፈልጥ ሲል «እስቲ ያንን ታፖር አቀብለኝ» ይለኛል። ዛቢያው በላብ ወዝቶ የጠቆረ፣ ስለቱ ጥጉ ላይ የተሸረፈ መጥረቢያ ነበር። ውሻችን ቡቺ እንደሚባለው፣ ታፖርም የዚያ መጥረቢያ የራሱ ስም ይመስለኝ ነበር።

ለካ ሩሲያኛ ነው። ሲጻፍ ቶፖር፣ ሲነገር ታፖር። ፖላንዶች ቶፑር፣ ዩክሬኖች ቶፒር፣ ቼኮች ቶፖር ይሉታል፤ ሁሉም ስላቭ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሁሉንም አያት የሆነውን ጥንታዊ ቃል ገምተዋል፤ ሲጽፉትም ከፊቱ ኮከብ ያደርጉበታል። ኮከቡ «ተጽፎ ያየነው የለም» ማለት ነው። የስላቭ ጽሕፈት የተጀመረው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነዋ፣ በወንድማማቾቹ ሚስዮናውያን በቄርሎስና በሜቶዲዮስ። ቃሉ ከዚያ ይቀድማል።

ታዲያ ከየት መጣ? ፋርሶች መጥረቢያን ታባር፣ አርመኖች ታፓር ይላሉ። ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ባለው ሜዳ የኢራን ቋንቋ የሚናገሩ እስኩቴሶችና ሳርማታውያን ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ስላቮች ቃሉን ከእነዚህ ጎረቤቶች ተዋሱ ባይ ናቸው። «የለም፣ መምታት ከሚል ከራሳቸው ግስ ነው የወጣ» የሚሉም አሉ። እኔ ከብዙዎቹ ጋር ነኝ። የፋርሱ ታባር ባይኖር ኖሮ እጠራጠር ነበር።

ደግሞ ስላቮች የራሳቸው ስም አላጡም እኮ! ሴኪራ የሚል አላቸው፣ «መቁረጥ» ከሚለው ግሳቸው የወጣ። ልክ እኛ ከጠረበ መጥረቢያ እንዳወጣነው። እኛም ቢሆን መጥረቢያ እያለን ፋስ እንላለን፤ ዓረቦችም ፈእስ ይላሉ።

ቃሉ ስላቮች ጋም አልተቀመጠም። ፊንላንድ ገብቶ ታፓራ ሆነ፣ የጦር መጥረቢያ ማለት ነው። ታምፔሬ ከተማ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ የበረዶ ሆኪ ቡድን አለ። በሰሜን መርከበኞች በኩል ደግሞ እንግሊዝ ደረሰና ታፐራክስ ተባለ። አክስ ራሱ መጥረቢያ ነው፤ እንግዲህ «መጥረቢያ መጥረቢያ» እንደማለት።

የምወደው ታሪክ ይኼ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1023 በእንግሊዙ ንጉሥ በክኑት ስም በተጻፈ ሰነድ፣ የሳንድዊች ወደብ ለካንተርበሪ ቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ወሰኑ በምን ይለካ? ውኃው ሞልቶ መርከብ ሲንሳፈፍ፣ አንዱ ከመርከቡ ላይ ታፐራክስ ወደ የብስ ይወረውራል። እስካረፈበት ድረስ ቀረጡን የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ይሰበስባሉ። እኔ እንግዲህ የማስበው ያንን ወርዋሪ ነው። ጡንቻ ያለው ሰው መርጠው ይሆን?

ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ይዤ አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ታፖር እኮ የሩሲያ አይደለም፤ የውሰት ቃል ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«መጥረቢያውም የውሰት ነው» አለኝ። «ከጎረቤት ተውሼ ሳልመልሰው ቀርቼ ነው።»