ከረጢቷን ቆጥረን እንመልስ
(በሐዋሳ ለዓለም የአካባቢ ቀን የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ተማሪዎች፣ ከአሞራ ገደል የመጣችሁ ዓሣ አጥማጆች፣ የሐዋሳ ነዋሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ!

ግንቦት 28 የሚከበረው በፈረንጆች 1972 የስቶክሆልም ጉባኤ በዚህች ዕለት ስለተከፈተ ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የዓለም የአካባቢ ቀን ብሎ ሰየማት። ጥር 25 የረግረጋማ መሬት፣ መጋቢት 13 የውሃ፣ ሰኔ 10 በረሃማነትን የመከላከል ቀን አለን። ቀን አላነሰንም። የዛሬዋ ቀን በፈረንጆች 2018፣ 2023 እና 2025 የተከበረችው ፕላስቲክን መሪ ጉዳይ አድርጋ ነው። ሦስት ጊዜ! ከጀርባዬ የተሰቀለው ባነርም ፕላስቲክ ነው፤ እሱን እንኳ ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ዛሬ የማነሳው ችግኝ የሚፈላባትን ጥቁር ከረጢት ነው።

የተከላ ቀን እንዴት እንደሚውል ታውቁታላችሁ። እንግዳ ይመጣል፣ ካሜራ ይከተላል፣ እጅ እንዳይቆሽሽ ችግኙ ከነከረጢቱ ጉድጓድ ይገባል። አፈር ይመለስበታል፣ ይጨበጨባል፣ ሁሉም ወደ መኪናው። ሥሩ ግን ወደ ጎን መውጫ የለውም። ፕላስቲኩን እየታከከ ይዞራል፣ ይጠማዘዛል። ክረምቱን ለምልሞ ያልፍና ኅዳር ላይ ጠውልጎ ይደርቃል። «ውሃ አጥቶ ነው» እንላለን። ነቅላችሁ እዩት፤ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ፣ ከረጢቷም እንዳለች ታገኟታላችሁ። ውሃ አላጣም፤ እኛ አንቀን ገደልነው!

ከረጢቷን የሚያወልቀውስ? እዚያው ይጥላታል። 5,000 ችግኝ ተከልን ብለን ሪፖርት ስንጽፍ፣ 5,000 ከረጢት የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። እኔ ልንገራችሁ፤ ከታቦር ተራራ ሥር የተጣለችው በአንድ ዶፍ ቦይ ትገባለች፣ ከቦይ ሐይቅ። ሐይቃችን ደግሞ መውጫ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ፀሐይና ማዕበል ከረጢቷን ያደቋታል እንጂ አያጠፏትም። በዝዋይ ሐይቅ ዓሦች ሆድ ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት በጥናት ተገኝቷል። የኛ ቆሮሶና አምባዛ በምን ይለያሉ? አካባቢን አከበርን ብሎ ሐይቅ ውስጥ ቆሻሻ መጨመር ምን ዓይነት በዓል ነው?

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ችግኙ በዋዜማው ማታ ይጠጣ፤ ደረቅ አፈር ከረጢቷ ስትቀደድ ይፈረካከስና ቀጫጭኑ ሥር ይበጠሳል። ሲሸከሙት ከረጢቷን ነው እንጂ ግንዱን አይያዙም። ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ስፋት ይኑረው፤ የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጥ፣ መጀመሪያ የሚመለሰው እሱ ነውና። ከዚያ በምላጭ የከረጢቷን ታች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከተጠቀለለው ሥር ጋር ቆርጦ መጣል፣ ጎኗን ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ፣ በመዳፍ ደግፎ ማስገባት። የችግኙ አንገት ከመሬት እኩል ይሁን፤ ከጠለቀ ግንዱ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ሥሩ ይደርቃል። በውስጡ አየር እንዳይቀር አፈሩን በተረከዝ ጠቅጠቅ ማድረግ ነው።

አጥር፣ ኩትኳቶ፣ ፍየል የሚጠብቅ ሰው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አፈሩ አንድ ስንዝር ድረስ ካልራሰ ደግሞ ዛሬ ቁፋሮው ይበቃናል፤ ተከላው ለሰኔ ይቆይ። እንግዶቻችን ቅር እንዳይሰኙ፣ በአካፋም ፎቶ ያምራል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እንወስን። ለአሥር ሰው አንድ ምላጭና አንድ ባዶ ጆንያ ይሰጥ። ችግኝ ፈርሞ የተረከበ ሰው ባዶ ከረጢቶቹን ቆጥሮ ያስረክብ። ከመኪና የወረደው ችግኝና ጆንያው ውስጥ ያለው ከረጢት እኩል ካልሆነ ሪፖርቱ አይፈረም። ከረጢት ማቃጠል ደግሞ የለም፤ የጎደለችውንም ተመልሶ መፈለግ ነው።

አመሰግናለሁ።