ከዘራ፣ ሽጉጥና ዊግ፦ የአሜሪካ ኮንግረስ ከእርስ በርሱ ጦርነት በፊት

ትዕግስት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ድብድብ ነው። የጎረምሳ ድብድብ እንዳይመስላችሁ፣ የሕግ አውጪዎች ነው።

ሚካኤል፦ የአሜሪካ ኮንግረስ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንጠራው፣ አለዚያ ይምታታብናል።

ትዕግስት፦ መቼም ከሴናተር ሰምነር ነው የምትጀምረው። ሁሉም የሚያውቀው እሱን ነው።

ሚካኤል፦ አይ፣ ከቁርስ ነው የምጀምረው። ሜይ 8 ቀን 1856፣ ዋሽንግተን፣ ዊላርድ ሆቴል።

ትዕግስት፦ ዋይት ሐውስ አጠገብ ያለው? ዛሬም አለ እኮ።

ሚካኤል፦ ሕንፃው ሌላ ነው፣ ቦታውና ስሙ ያው ነው። የካሊፎርኒያው ተወካይ ፊልሞን ኸርበርት አርፍዶ መጣ። የቁርስ ሰዓት አልፏል። አስተናጋጆቹ ጋ ጭቅጭቅ ተጀመረ። ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ ሳህንና ወንበር መወራወር። በመጨረሻ ሰውዬው ሽጉጡን መዝዞ አንዱን አየርላንዳዊ አስተናጋጅ ተኩሶ ገደለው።

ትዕግስት፦ በቁርስ ምክንያት።

ሚካኤል፦ በቁርስ። ምክር ቤቱ ነገሩን እንዲያጣራ ሐሳብ ቀርቦለት ውድቅ አደረገው። ፍርድ ቤት ሁለቴ ቆመ። በመጀመሪያው ጁሪው መስማማት አቃተው፣ በሁለተኛው ሰውዬው ነፃ ወጣ።

ትዕግስት፦ እኔን የገረመኝ ሽጉጡ ነው። ቁርስ ለመብላት ሽጉጥ ታጥቆ የሚወጣ የሕዝብ ተወካይ!

ሚካኤል፦ ብቻውን መሰለሽ? አንዲት የዬል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር በኮንግረስ አዳራሽና በዙሪያው ከ1830 እስከ 1860 ድረስ የተፈጸመውን ስትቆጥር ከ70 በላይ አግኝታለች። ቡጢ፣ ከዘራ፣ ጩቤ መምዘዝ፣ ሽጉጥ መደቀን፣ ዱዌል።

ትዕግስት፦ ዱዌሉን ለማያውቅ ሰው ንገረው። ተቀጣጥሮ መታኮስ ማለት ነው አይደል?

ሚካኤል፦ በሥርዓት። ክብሬ ተነካ ያለው ሰው ደብዳቤ ይልካል። ሁለቱም ወገን ጉዳዩን የሚይዝለት ሰው ያቆማል። መሣሪያው፣ ርቀቱ፣ ሰዓቱ ይወሰናል። ከዋሽንግተን ሰዎች የሚሄዱት ሜሪላንድ፣ ብላደንስበርግ ነበር።

ትዕግስት፦ ብላደንስበርግ? እዚህ ሰፈራችን? ስንቱ ሀበሻ ሥራ ሲሄድ በዚያ ያልፋል እኮ።

ሚካኤል፦ ቦታው ዛሬ ኮልማር ማነር በሚባለው ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ ነው በፌብሯሪ 1838 የሜይኑ ተወካይ ጆናታን ሲሊ የሞተው። ገዳዩ የኬንታኪው ተወካይ ዊልያም ግሬቭስ ነው። እርስ በርስ ምንም ጠብ አልነበራቸውም።

ትዕግስት፦ ታዲያ ምን አጣላቸው?

ሚካኤል፦ ሲሊ አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ አዘጋጅ ጉቦ ተቀብሏል የሚል ነገር ምክር ቤት ውስጥ ተናገረ። አዘጋጁ ተቆጥቶ ደብዳቤ ጻፈ፣ ግሬቭስ አደርሳለሁ አለ። ሲሊ ደብዳቤውን አልቀበልም አለ። ግሬቭስ ደግሞ «እኔ ያመጣሁትን አልቀበልም ማለት እኔን መናቅ ነው» ብሎ ነገሩን የራሱ አደረገው። በጠብመንጃ ተታኮሱ። ሁለት ጊዜ ሳቱ፣ በሦስተኛው ሲሊ ወደቀ።

ትዕግስት፦ ለፖስተኝነት መሞትና መግደል! ከዚያስ?

ሚካኤል፦ በ1839 ኮንግረስ በዋሽንግተን ውስጥ ዱዌል መጥራትም ሆነ መቀበል ወንጀል ነው ብሎ ሕግ አወጣ። ያው፣ መጀመሪያም ቢሆን የሚታኮሱት ሜሪላንድ ተሻግረው ነበር።

ትዕግስት፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ሁሉ የአንድ ዘመን ወንዶች ግብግብ ነው ወይስ ፖለቲካ አለበት?

ሚካኤል፦ ዋናው ነገር እሱ ነው። በደቡቡ ባህል ዱዌል ያልተቀበለ ሰው ፈሪ ይባላል፣ የፖለቲካ ሕይወቱ ያከትማል። በሰሜን ግን በተለይ ከሲሊ ሞት በኋላ ዱዌል የወጣ ሰው በመራጩ ዘንድ ነፍሰ ገዳይ ነው። ስለዚህ አንድ የሚሲሲፒ ተወካይ ተነስቶ አንዱን የኦሃዮ ሰው ቢሰድበውና ቢዝትበት፣ የኦሃዮው ሰው ቢቀበልም ተጎዳ፣ ባይቀበልም ተዋረደ። ደቡቦቹ ይህን ያውቃሉ። ስለ ባርነት አፉን የሚከፍተውን ሁሉ በዛቻ ዝም ማሰኛ አደረጉት።

ትዕግስት፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ የሚቀመጥ ይበዛል ማለት ነው።

ሚካኤል፦ ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ። በዚያ ላይ ከ1836 እስከ 1844 ድረስ ተወካዮች ምክር ቤቱ ስለ ባርነት የሚቀርብ አቤቱታ ሳይነበብ እንዲቀመጥ የሚል ደንብ ነበረው። ደንቡ አንዱን አፍ ይዘጋል፣ ያመለጠውን ጩቤው ይዘጋዋል።

ትዕግስት፦ እዚህ ላይ እኔም ልጨምር። እነዚህ ሰዎች ዱላን ከየት ተማሩት? ብዙዎቹ እርሻቸው ላይ ሰው በጅራፍ የሚያስገርፉ ባለ ባሪያዎች ናቸው። ቃል የመለሰላቸውን መምታት ለእነሱ የቀን ተቀን ኑሮ ነው። ኮንግረስ ሲገቡ ልማዳቸውን ደጅ ጥለው አይገቡም።

ሚካኤል፦ ልክ ነሽ። የሰምነርን ነገር ስናይ ይሄ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ትዕግስት፦ በል ወደ እሱ እንግባ።

ሚካኤል፦ ቻርልስ ሰምነር የማሳቹሴትስ ሴናተር ነው። ግዙፍ ሰው፣ ትምክህተኛም ነው፣ ባርነትን አጥብቆ ይጠላል። ያን ጊዜ ካንሳስ የባርነት ክልል ትሁን ወይስ ነፃ በሚለው ሰው እየተጋደለ ነው። ሰምነር ሜይ 19 እና 20 ቀን 1856 ለሁለት ቀን ተናገረ። የሳውዝ ካሮላይናውን ሴናተር አንድሩ በትለርን እመቤት መርጧል አለው፤ እመቤቷም ባርነት የምትባል ጋለሞታ ናት አለ። በሕመም የተበላሸ አነጋገሩ ላይ ሳይቀር አሾፈበት። በትለር ደግሞ ሽማግሌ ነው፣ በዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥም አልነበረም።

ትዕግስት፦ ይሄን እኔ አልወድለትም። በሰው ሕመም ማሾፍ ነውር ነው፣ ጉዳዩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን።

ሚካኤል፦ ሴናተር ዳግላስ ንግግሩን ሲሰማ «ይህ ጅል ራሱን በሌላ ጅል እጅ ሊያስገድል ነው» አለ ይባላል።

ትዕግስት፦ ሌላው ጅል ደግሞ መጣ።

ሚካኤል፦ ፕሬስተን ብሩክስ። የሳውዝ ካሮላይና ተወካይ፣ የበትለር ዘመድ። እስቲ እንዴት እንዳሰበበት ተመልከቺ። ለዱዌል አልጠራውም። ዱዌል የሚጠራው እኩያ ነው፣ ሰምነርን ደግሞ እኩያዬ አይደለም ብሏል። አለንጋ አሰበ። ግን ሰውዬው በጉልበት ይበልጠኛል፣ ነጥቆ መልሶ ቢገርፈኝስ ብሎ ተወው። ይህን እሱ ራሱ በኋላ ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ተናግሮታል።

ትዕግስት፦ ሳያፍር።

ሚካኤል፦ ሳያፍር። በመጨረሻ የወርቅ ጉልላት ያለው ከዘራ መረጠ። ከዘራ የያዘውም ድሮ በዱዌል ዳሌው ላይ ተመትቶ ስለነበር ነው። ሜይ 22 ሴኔቱ ሥራ ጨርሶ ሲበተን ገባ። ሰምነር ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ብሩክስ ግን አልተጣደፈም። አዳራሹ ውስጥ ሴቶች ነበሩ፣ እነሱ እስኪወጡ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ትዕግስት፦ ጨዋነቱ ነዋ! ሴት ፊት ሰው አይደበድብም።

ሚካኤል፦ ከዚያ ቀርቦ «ንግግርህን ሁለት ጊዜ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ፤ ሳውዝ ካሮላይናንና ዘመዴን ሚስተር በትለርን የሚያዋርድ ነው» አለው። ቀና ከማለቱ ጭንቅላቱን መታው። ደገመው፣ ሰለሰው። ሰምነር ሊነሳ ይሞክራል፣ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ነው። ጠረጴዛው ደግሞ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል። እንደምንም ታግሎ ጠረጴዛውን ከነብሎኑ ነቅሎ ተነሳ፣ ዓይኑን ደም ሸፍኖታል፣ እየተንገዳገደ ወደቀ። ከዘራው እስኪሰባበር ቀጠቀጠው።

ትዕግስት፦ አዳራሹ ውስጥ የነበሩትስ? ገላጋይ የለም?

ሚካኤል፦ የብሩክስ ጓደኛ፣ ተወካይ ሎረንስ ኪት፣ የራሱን ከዘራ አንስቶ ገላጋዮቹን ያባርር ነበር። ሽማግሌው ሴናተር ክሪተንደን ሊያስጥል ሲመጣ እሱንም ዛተበት።

ትዕግስት፦ ቅጣቱን ንገራቸው። እኔ ስሰማ ደሜ ፈላ።

ሚካኤል፦ ፍርድ ቤቱ 300 ዶላር ቀጣው። ምክር ቤቱ ሊያባርረው ድምፅ ሰጠ፣ 121 ለ95። ለማባረር ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል፣ አልሞላም። ብሩክስ ራሱ ሥራውን ለቀቀ፣ ወዲያው የአውራጃው ሰዎች መልሰው መረጡት። ከየቦታው አዲስ ከዘራ በስጦታ ይላክለት ጀመር፤ «ድገመው» የሚል የተቀረጸበት ሁሉ ነበር። ጆርጂያ ውስጥ ብሩክስ የሚባል ካውንቲ አለ፣ ለእሱ የተሰየመ ነው።

ትዕግስት፦ እኔ ከዱላው ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። አንድ ሰው ሊናደድ ይችላል፣ ሊያብድ ይችላል። በዕብደቱ ሲሸለም ግን የቀረውም ይማራል።

ሚካኤል፦ በሰሜን በኩልም ትምህርቱ ተወሰደ። ሰምነር ወደ ሥራው በቋሚነት የተመለሰው በዲሴምበር 1859 ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ማሳቹሴትስ በ1857 መጀመሪያ እንደገና መረጠችው። ባዶው ወንበር ራሱ ይናገርላት ነበር። ሰሜን ውስጥ ለባሪያው ግድ ያልነበረው ሰው ሁሉ «እኛንም እንደ ባሪያ ሊገርፉን ነው» ማለት ጀመረ።

ትዕግስት፦ ይገርማል። ሚሊዮኖች በየቀኑ ሲገረፉ ዝም ያለ ሕዝብ፣ አንድ ሴናተር ሲመታ ነቃ።

ሚካኤል፦ ያሳዝናል፣ ግን እንደዚያ ነው የሆነው። ከዚያ በኋላ የሰሜን መራጭ የሚፈልገው ሰው ተለወጠ። ታጋሽ አይደለም፣ የሚመልስ ነው። የማሳቹሴትሱ አንሰን በርሊንጌም ብሩክስን በንግግር ወረፈው፣ ብሩክስ ለዱዌል ጠራው። በርሊንጌም «እሺ፣ በጠብመንጃ፣ ናያግራ ጋ፣ በካናዳ በኩል» አለ። ሰውዬው ጎበዝ ተኳሽ ነው። ብሩክስ በሰሜን አቋርጬ እንዴት እሄዳለሁ፣ የጠላት አገር ነው ብሎ ቀረ። ማን ፈሪ ተባለ?

ትዕግስት፦ ጨዋታው ተገለበጠባቸው። ብሩክስ ግን ብዙም አልቆየ።

ሚካኤል፦ በጃንዋሪ 1857 በጉሮሮ በሽታ ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር። ጓደኛው ኪት ግን አላረፈም።

ትዕግስት፦ የዊጉ ሌሊት!

ሚካኤል፦ ፌብሯሪ 6 ቀን 1858፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ። አሁንም በካንሳስ ጉዳይ ሲከራከሩ አምሽተዋል፣ ግማሹ ጠጥቷል፣ ግማሹ ያንቀላፋል። የፔንስልቬንያው ሪፐብሊካን ጋሉሻ ግሮው ወደ ዴሞክራቶቹ በኩል ሄዶ ቆሞ ነበር። እዚያ ሆኖ አንድ ነገር ተቃወመ። ኪት «ወደ ራስህ ወገን ተመለስ» አለው። ግሮው «አዳራሹ የሁሉም ነው» አለ። ኪት አንገቱን ሊያንቀው ሄደ፣ ኪት ራሱ በቡጢ ተዘረረ። በቃ፣ ከ30 በላይ ተወካይ ተደባለቀ። አፈ ጉባኤው ጄምስ ኦር መዶሻውን ቢደበድብ የሚሰማው የለም።

ትዕግስት፦ የሚሲሲፒው ባርክስዴልስ?

ሚካኤል፦ አንድ የዊስኮንሲን ሰው ፀጉሩን ይዞ ሊመታው ጨበጠ። ፀጉሩ እጁ ላይ ቀረ። ዊግ ነው! ባርክስዴል በድንጋጤ ነጥቆ መልሶ አጠለቀው፣ የፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ድብድቡም በዚያው አበቃ።

ትዕግስት፦ ሳቁ ግን ያታልላል። ሰልፉን እዩት። ድሮ አንድ ለአንድ ነበር፤ የሰሜን ዴሞክራትና የደቡብ ዴሞክራት አብረው ይገላግሉ ነበር። በዚያች ሌሊት ወገን ለይተው በጅምላ ነው የተጋጠሙት።

ሚካኤል፦ በዚያው ዓመት ሦስት የሰሜን ሴናተሮች፣ ዌድ፣ ቻንድለርና ካሜረን፣ ከእንግዲህ የሚሰድበን ካለ እስከ ሞት እንጋፈጣለን ብለው በጽሑፍ ተማማሉ። በ1860 ደግሞ የቨርጂኒያው ሮጀር ፕራዮር የዊስኮንሲኑን ጆን ፖተርን ለዱዌል ጠራ። መሣሪያ መምረጥ የተጠራው ሰው መብት ነው። ፖተር ትልቁን የአደን ጩቤ መረጠ።

ትዕግስት፦ ፕራዮርስ?

ሚካኤል፦ ሰዎቹ «ይሄ አረመኔነት ነው» ብለው እምቢ አሉ። በሽጉጥ ሲሆን ጨዋነት፣ በጩቤ ሲሆን አረመኔነት። ፖተር በሰሜን ጀግና ሆነ። የሚዙሪ ሪፐብሊካኖች የሰው ቁመት የሚበልጥ ጩቤ አሠርተው ሸለሙት።

ትዕግስት፦ እነሱም መሸለም ጀመሩ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልበል። ጦርነቱን ቡጢ አላመጣውም። በ1860 አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ነበር፣ ጠቡም በእሱ ነው።

ሚካኤል፦ በዚህ አንጣላም። እኔ የምለው፣ የባርነትን ጠብ በንግግር ሊፈታ ይችል የነበረ አንድ ቤት ካለ ይህ ምክር ቤት ነበር፣ እሱም ሰው የሚፈራበት ቤት ሆነ። ከዲሴምበር 1859 ጀምሮ አፈ ጉባኤ ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጀባቸው፣ 44 ጊዜ ድምፅ ተሰጠ። ሰው ሁሉ ታጥቆ ነው የሚገባው። የሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር ሃመንድ በዚያ ሰሞን ሲጽፍ፣ ሽጉጥና ጩቤ ያልያዙት ሁለት ሽጉጥ የያዙት ብቻ ናቸው አለ።

ትዕግስት፦ ከዚያ ኤፕሪል 1861 ፎርት ሰምተር በሚባለው ምሽግ ላይ መድፉ ተተኮሰ፣ ጦርነቱ ተጀመረ። የእኛዎቹ ሰዎች የት ደረሱ?

ሚካኤል፦ ባርክስዴል ጌቲስበርግ ላይ ቆስሎ ሞተ፣ 1863። ኪት በ1864 ኮልድ ሃርበር ላይ። ግሮው በጁላይ 1861 አፈ ጉባኤ ሆነ።

ትዕግስት፦ ፕራዮርስ? ያ ጩቤ ያስፈራው?

ሚካኤል፦ እሱማ የደቡብ ጄኔራል ሆኖ ተዋጋ፣ ተማረከ። ከጦርነቱ በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ሰሜን ሄደ፣ ጠበቃ ሆነ፣ በኋላም ዳኛ።

ትዕግስት፦ የት?

ሚካኤል፦ ኒውዮርክ።