ወይፈኑ ለምን ተሸጠ?

ውባለም፦ ጤና ይስጥልን ወገኖቻችን! እንዴት ሰነበታችሁ? ውባለም ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ።

አንሙት፦ አንሙት ነኝ። እንደምን ከረማችሁ?

ውባለም፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ዕዳ ነው። ስለ አገር ዕዳ። እኔ ግን ከአጎቴ በረት ልጀምር።

አንሙት፦ ጀምሪ እስቲ።

ውባለም፦ አጎቴ እነማይ ናቸው፣ ቢቸና አጠገብ። ጤፍ ነው የሚያርሱት። 2012 ላይ ሁለት በግ ሸጠው የዓመቱን ማዳበሪያ ገዙ። 2014 ላይ ለዚያው ማሳ፣ ለዚያው ኩንታል፣ ወይፈናቸውን ሸጡ። ሊገሩት የነበረውን፣ ከበሬው ጋር ሊጠምዱት ያሰቡትን። ገበያ አብሬያቸው ነበርኩ። ዋጋ ተቆርጦ ብሩን ከተቀበሉ በኋላ ገመዱን ከአንገቱ ፈትተው ጠቅልለው ያዙት። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ገመዱ ዛሬም በረቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል።

አንሙት፦ ዝናብ ቀርቶ ነበር እንዴ?

ውባለም፦ ኧረ በጭራሽ! ዝናቡም ጥሩ ነበር፣ እሳቸውም ጎበዝ ገበሬ ናቸው። ታዲያ ወይፈኑ ለምን ተሸጠ?

አንሙት፦ እሺ። ማዳበሪያው በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው፤ የሚገዛው በዶላር ነው። ከኮሮና በኋላ የመርከብ ኪራይ ጣራ ነካ። የተፈጥሮ ጋዝ ተወደደ፤ ዩሪያ ደግሞ በአብዛኛው ከጋዝ ነው የሚሠራው። የካቲት 2014 ላይ የዩክሬን ጦርነት ተጨመረ፤ ሩሲያ ከትልልቆቹ ማዳበሪያ ላኪዎች አንዷ ናት። እንግዲህ ዶላር ከመቼውም በላይ ባስፈለገን ሰዓት፣ ያለችውን ትንሽ ዶላር ዕዳ ይሻማት ነበር።

ውባለም፦ ዕዳው ግን ከኮሮና በፊትም ነበረ።

አንሙት፦ ነበረ። የራሳችንም ጥፋት አለበት፤ ይሄን ሳልል ባልፍ ልክ አይሆንም። 2007 ላይ 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ባለገንዘቦች በተሸጠ የዕዳ ሰነድ፣ ተበደርን። 6.625 በመቶ ወለድ፣ የ10 ዓመት። በዶላር ተበድሮ ዶላር በማያስገባ ሥራ ላይ ማዋል ከባድ ነገር ነው። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ ኋላም እዚሁ ደጃችን ያለው።

ውባለም፦ ብድር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሜጫ ሂዱና ቆጋን እዩ። መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታሰበ መስኖ ነው። ገንዘቡ ከአፍሪካ ልማት ባንክ የመጣ ብድር ነው። ወለዱ ቀላል፣ ጊዜው ረጅም። በበጋ ስንዴው፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ እዚያ ሲታይ ሰው ብድርን ባልጠላ ይላል።

አንሙት፦ ትክክል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ነሐሴ 2013 ላይ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለወረርሽኙ መቋቋሚያ ብሎ የ650 ቢሊዮን ዶላር መጠባበቂያ ለአባል አገራት አከፋፈለ። ብድር አይደለም፣ ድልድል ነው። አከፋፈሉ ግን አገሮች በድርጅቱ ባላቸው ድርሻ ልክ ነው። አሜሪካ 113 ቢሊዮን ገደማ ደረሳት። አፍሪካ በሙሉ 33 ቢሊዮን ገደማ። እኛ 408 ሚሊዮን ገደማ።

ውባለም፦ ሚሊዮን።

አንሙት፦ አዎ፣ ሚሊዮን። ቁጭ ብዬ በሕዝብ ቁጥር አካፈልኩት። ለአንድ አሜሪካዊ 340 ዶላር አካባቢ፣ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሦስት ዶላር ተኩል ቢሆን ነው። መቶ እጥፍ!

ውባለም፦ እድራችን እንዲህ ቢያደርግስ? ሐዘን የገባው አንድ ቤት፣ ገንዘቡ የሚሰጠው ሰፊ መሬት ላለው ሰው። በማግስቱ እድሩ ይፈርሳል እኮ! እናቴ ስታርፍ ዳቦውም ብሩም የመጣው ወደ እኛ ቤት ነው። ስንት ጥማድ አላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም።

አንሙት፦ የገንዘብ ድርጅቱ ሰዎች መዋጮው በድርሻ ስለሆነ ነው ይላሉ።

ውባለም፦ ይበሉ። ሐዘን መዋጮ አይቆጥርም።

አንሙት፦ ክፍያ ማቆየትም ነበር። ከ2012 እስከ 2014 ድረስ ቡድን 20 የሚባለው የትልልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ፣ ድሃ አገሮች ለመንግሥታት የሚከፍሉትን ዕዳ እንዲያቆዩ ፈቀደ። 48 አገሮች ገቡበት፤ 12.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተራዘመ። ተራዘመ ነው፤ አልተሰረዘም። ቦንድ የገዙት የግል አበዳሪዎች ደግሞ እንዲተባበሩ ተጠየቁ እንጂ አልተገደዱም።

ውባለም፦ ከዚያ ያ ረጅሙ ጥበቃ።

አንሙት፦ እሱ ነው የገደለን። ኢትዮጵያ ጥር 2013 ላይ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ፣ አበዳሪዎች አብረው ዕዳ በሚያሸጋሽጉበት አሠራር፣ ዕዳዬ ይሸጋሸግልኝ አለች። ከበዳሪዎቹ ቻድና ዛምቢያም ነበሩ። ከአበዳሪዎቹ ደግሞ ቻይና አለች፣ ፈረንሳይ አለች፣ ሌሎችም። አንዱ ቀድሞ ቢቀንስ የተቀነሰው ለሌላው መክፈያ እንዳይሆን ይፈራል። ስለዚህ ይተያያሉ። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳንከፍል ቀረን። ከመንግሥታቱ ጋር በመርህ ደረጃ ስምምነት የተደረሰው መጋቢት 2017 ነው። 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ፣ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ እፎይታ።

ውባለም፦ አራት ዓመት አለፈ ማለት ነው። እዚህ እኮ ባለዕዳና ባለገንዘብ ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል። አበዳሪዎቹን በሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ያስቀምጣል። ከሰብል በኋላ ይከፈል፣ ወለዱ ይቅር ይባላል። ያልመጣ አበዳሪ ነገ የሚሰማው የለም።

አንሙት፦ ለአገሮች እንዲህ ያለ ሽማግሌ የለም። የአገር ኪሳራ የሚዳኝ ፍርድ ቤትም የለም። በመሐል ሐምሌ 22፣ 2016 መጣ። ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለ፤ የገንዘብ ድርጅቱም በዚያው ቀን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ማዳበሪያም በዶላር ነው ብያችኋለሁ።

ውባለም፦ ዕርዳታስ? ስለሱ አላወራንም።

አንሙት፦ ጥር 12፣ 2017 ላይ አሜሪካ ውስጥ አንድ ትእዛዝ ተፈረመ፣ የውጭ ዕርዳታ ታገደ። የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሰኔ 24 ላይ ተዘጋ። ዕርዳታ ሰው አትርፏል፣ አልክድም። ግን በአንድ ፊርማ የሚቆም ነገር ላይ የጤና ጣቢያ መድኃኒት መንጠልጠል የለበትም።

ውባለም፦ እስማማለሁ። እኔ ለአጎቴ ይሄን ሁሉ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ያን ዕለት የሸጥኩት ለፈረንጁ ወለድ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

አንሙት፦ በከፊል አዎ በያቸው።

ውባለም፦ አልኳቸው።

አንሙት፦ ዘንድሮስ እንዴት ሆኑ?

ውባለም፦ አንዱን ጥማድ መሬት በወለድ አገድ ሰጥተውታል፤ ብሩን እስኪመልሱ አበዳሪው ያርሰዋል። ከቀረው ደግሞ ከወንዙ በላይ ያለውን የማኛ ጤፍ ማሳ ታውቀዋለህ አይደል? ማዳበሪያ አይፈልግም ብለው ግብጦ ዘሩበት።