ከሊግኒኑ በኋላ የሚቀረው ውሃ

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፤ ግን ያ የጥቁሩ ፈሳሽ ነገር አልለቀቀኝም። ጭዱ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ የወረቀት ቃጫው (ፐልፑ) ከወጣ በኋላ የሚቀረው። ሊግኒኑን፣ ማለት የተክሉን ቃጫ አጣብቆ የሚይዘውን ነገር፣ አወጣነው፣ ጥሩ። የቀረውስ?

ቆይ፣ መጀመሪያ ሊግኒኑ መርጋት ወደሚጀምርባት ወደ ፒኤች 10 (ፒኤች የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ነው) ልመለስ፤ ባለፈው እየሮጥኩ ነው ያለፍኳት።

ፈሳሹ ከመቀቀያው ሲወጣ ፒኤቹ 13 አካባቢ ነው። ሊግኒኑ ሟሙቶ የተቀመጠው ስለዚህ ነው። ፒኤቹን ለማውረድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሥር፣ በደቃቅ አረፋ ታስገባላችሁ። 12፣ 11... ምንም የለም። ያው ጥቁር ነው። ሰው ትዕግሥት አጥቶ ጋዙን የሚለቅበት እዚህ ጋ ነው። ከ10 ተኩል ወደ 10 ሲወርድ ግን በማማሰያው ጫፍ ጠብታ አንሡና ነጭ ሰሃን ላይ ጣል አድርጉት። ጠብታው ወጥ መሆኑ ይቀራል። ጠርዙ ላይ ፍሬ ፍሬ ይላል፤ ቡናማ ብናኝ ከውሃው ተለይቶ ይታያል። ያቺ ናት! ጋዙን ቀንሱ። ሙቀቱን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ያዙና በዝግታ እያማሰላችሁ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ስጡት። ፍሬዎቹ ተያይዘው የሚያድጉት ያኔ ነው። ከቀዘቀዘ ደቅቀው ይቀሩና የማጣሪያውን ጨርቅ ይደፍኑታል። በጣም ከጋለ ደግሞ ሊግኒኑ ይለሰልስና እንደ ሙጫ ማማሰያው ላይ ይጣበቃል።

ፒኤቹን በወረቀት አትለኩ፤ ፈሳሹ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ሜትሩን ፒኤቹ 10 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ (ባፈር) አስተካክሉ፣ ናሙናውን አቀዝቅዙና ለኩ። በ70 ዲግሪ የሚነበበውና በ25 ዲግሪ የሚነበበው አንድ አይደለም።

እና ደግሞ ሲሊካ፣ ያ አሸዋ ውስጥ ያለው ማዕድን፣ አለ። የጤፍ ጭድም ደንገልም ሲሊካ አላቸው፤ ሶዳው እሱንም ያሟሟዋል። ፒኤቹ ሲወርድ ከሊግኒኑ ጋር አብሮ ይረጋል፣ ስታቃጥሉት አመድ ሆኖ ይቀራል። ጭዱን ከመቀቀል በፊት አበጥሮ ቅጠሉንና አቧራውን ማውጣት በኋላ ከመታገል ይሻላል።

እምቦጭስ? የምትሉኝ፣ አውቃለሁ፣ ዛሬም ትሉኛላችሁ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም ሰው ጥቅም ሊያወጣለት ይፈልጋል፤ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ከ100 ኪሎው ከ90 ኪሎ በላይ ውሃ ነው፤ የሊግኒን ድርሻውም ትንሽ ነው። ለባዮጋዝ ይሁን፣ ለኮምፖስት ይሁን። ለሊግኒን ግን አይሆንም።

የት ነበርኩ... እጥበቱ። የረጋው ሊግኒን ተጣርቶ ጨርቁ ላይ ተቀምጧል (ኬኩ የምለው እሱን ነው)፣ ያምራል፣ እጅ ንጹህ ውሃ ለማፍሰስ ይቸኩላል። አታፍስሱ። ውሃው ጨዉን ያጥበዋል፤ ፒኤቹ ግን ገና ከፍ እንዳለ ነው። ሊግኒኑን ያረጋው አንዱ ነገር ጨው ነበርና ሲሄድበት መልሶ ያብጥና ይሟሟል፤ ከሥር ቡናማ ውሃ ይወርዳል፣ ከላይ ኬኩ ዝልግልግ ብሎ ይዘጋል። ስዊድኖቹ ሊግኖቡስት ባሉት ዘዴ ይህን የፈቱት ኬኩን አንሥተው በአሲድ ውሃ በመበጥበጥ ነው፤ ፒኤቹ ከ2 እስከ 3 እስኪሆን። ከዚያ እንደገና ማጣራት፣ ማጠቢያውንም ውሃ በዚያው ፒኤች ማዘጋጀት። አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚገባው፣ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም። ዕቃውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ ኬኩ ውስጥ የቀረው ካርቦኔት አረፋ ሆኖ ይነሣል። አቡጀዲ ለመጀመሪያው ማጣሪያ ይሆናል፤ ለአሲዱ ግን አይሆንም፣ ሳይታጠብ ከደረቀ ይበጣጠሳል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን የፕላስቲክ ጨርቅ ፈልጉ።

ይህ ሁሉ የሶዳ ፈሳሽ ነው። ሰልፋይድ ያለበት የክራፍት ፈሳሽ ከሆነ አሲድ ሲነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰው የሚሞተው ያኔ ነው። ዝግ ቤት ውስጥ በፍጹም።

አሁን ወደ ውሃው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ፕሊመዝ ላይ፣ በ2015 ፊንላንድ ውስጥ ሱኒላ ላይ ይህን በፋብሪካ ደረጃ ጀምረውታል። እንዲህ ባለ ፋብሪካ ከመጀመሪያው ማጣሪያ የወጣው ፈሳሽ ወደ ማትነኛው ይመለሳል፣ ወፍሮ ቦይለር ውስጥ ይቃጠላል፣ ሶዳው ተመልሶ ይገኛል። ሊግኒኑን የሚያወጡበት አንዱ ምክንያት ራሱ ያን ቦይለር ለማሳረፍ ነው። እኛ የምናስበው ትንሹ ሥራ ግን ቦይለር የለውም! በሰልፈሪክ አሲድ ብቻ ከሠራችሁ እያንዳንዱ ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ ወደ 1.8 ኪሎ ሶዲየም ሰልፌት ይለወጣል፤ በዚያ ላይ ያልረጋው ስኳርና የአሲድ ዝርያ ሁሉ አለ። ይህ ሁሉ ወደ ጣና ቢፈስስስ? ጣና 1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ዝቅ ካለ አገር ያነሰ ነው። ያ ስኳር ሲበሰብስ የሚበላው እሱን ነው።

ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው። «ቆሻሻውን ወደ ሀብት» የሚል ጽሑፍ ሁሉ ቡናማዋን ዱቄት ፎቶ ያነሣና እዚያ ያበቃል።

አንድ ሐሳብ አለ። በኮስቲክ ሶዳ ፋንታ በፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ መቀቀል። ያኔ የሚቀረው ፖታሽየም ሰልፌት ነው፣ ማዳበሪያ ነው፤ ስኳሩንም አፈሩ ይበላዋል። ደስ ይላል። ግን ፖታሽየሙ ከሶዳው ይወደዳል፤ ለዚያው ሥራ ደግሞ በክብደት 1.4 እጥፍ ያስፈልጋል። በክረምትስ የት ይፈስሳል? የፎገራ ሜዳ በውሃ ተሞልቶ ሳለ መሬት ላይ አይረጭም፤ ጉማራና ርብ ወንዞች ይዘውት ጣና ይገባሉ፣ የጣና ዓሣ ለመራባት ሽቅብ በሚወጣበት ወር። እስከ መስከረም ታንከር ውስጥ ይቀመጥ ብንል እንኳ፣ ለአንድ ኪሎ ሊግኒን ስንት ሊትር... ከ20 ሊትር በታች አይሆንም፣ ከነማጠቢያው። ወይ ሊግኒኑን ትቶ ጥቁሩን እንዳለ፣ ፒኤቹን ብቻ አውርዶ... እንጃ፣ እሱም ቢሆን ታንከሩ ያው...