ከአማልክት ጋር የተጣላው ባለቅኔ

[ምስል፦ ሚዛን ላይ የሚፈስ ብር]

ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በ414 አካባቢ። በአቴና አዋጅ ተነግሯል፦ የሜሎሱን ዲያጎራስ ለገደለ አንድ ታላንት ብር ይሸለማል። አንድ ታላንት 26 ኪሎ ገደማ፣ 6,000 ድራክማ ነው። ደህና ባለሙያ በቀን አንድ ድራክማ ያገኝ ነበርና፣ ያለ እረፍት የ16 ዓመት ደመወዝ ማለት ነው። ዲያጎራስ ደግሞ ወንበዴ አይደለም፤ ባለቅኔ ነው። ጥፋቱ በአማልክት ማፌዙ።

ግራ የሚያጋባው ግን፣ ግሪኮች ቅዱስ መጽሐፍ የላቸው፣ ጸሎተ ሃይማኖት የላቸው። መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ዜኖፋኔስ የተባለ ባለቅኔ «ኢትዮጵያውያን አማልክታችን ጥቁርና አፍንጫ ደፍጣጣ ናቸው ይላሉ፤ የትራቂያ (ከግሪክ በስተሰሜን ያለ አገር) ሰዎች ደግሞ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ፀጉራቸው ቀይ ነው ይላሉ» ብሎ ነበር። በሬ እጅ ቢኖረው አምላኩን በሬ አድርጎ ይሥል ነበር ሲልም ጨምሯል። («ኢትዮጵያውያን» ያኔ ከግብፅ በስተደቡብ ያለ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ነው፤ ስሙን እዚያ ማግኘት ግን ደስ ይላል።) በዚህ ንግግሩ ተሳደደ ሲባል አንሰማም።

ታዲያ ዲያጎራስ ምን ቢያደርግ ነው?

[ምስል፦ መሠዊያ፣ ጭስ፣ የታረደ በሬ]

በሬው ይታረዳል። በስብ የተጠቀለለው የጭን አጥንት ለአማልክቱ ይቃጠላል፤ ሥጋው እንደ ቅርጫ ተመድቦ ለሕዝቡ ይታደላል። በልባችሁ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ድርሻችሁን ከበላችሁ የአገሩ ሰው ናችሁ። በሄሮዶቱስ ታሪክ አቴናውያን ለስፓርታ መልእክተኞች ግሪክነት ምን እንደሆነ ሲያስረዱ፣ አንድ ደም፣ አንድ ቋንቋ፣ የጋራ ቤተ መቅደስና መሥዋዕት፣ አንድ ዓይነት ልማድ ይላሉ። ምን ታምናለህ የሚል የለበትም።

ዲያጎራስ የነካው ይህንን ነው። በአቴና አቅራቢያ ባለችው ኤሌውሲስ የእህል አምላክ የሆነችው የዴሜተር ምስጢራዊ ሥርዓት ነበር። ግሪክኛ የሚናገርና እጁን በነፍስ ግድያ ያላረከሰ ሁሉ፣ ሴትም ባሪያም፣ ይገባል፤ ያየውን ግን ትንፍሽ አይልም። ዲያጎራስ ምስጢሩን አደባባይ አውጥቶ ሰው እንዳይገባ መከረ ተባለ። ጊዜውም ክፉ ነበር። በ415፣ ጦሩ ወደ ሲሲሊ ሊዘምት ሲል፣ በየደጃፉ የቆሙት የአምላኩ የሄርሜስ ሐውልቶች በአንድ ሌሊት ፊታቸው ተሰባብሮ አድሯል። ከተማዋ ጥላዋን መጠርጠር ጀምራለች።

[ምስል፦ የሜሎስ ደሴት ካርታ]

«የሜሎሱ» የምትለዋን አትዝለሏት። ከአዋጁ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት አቴና ሜሎስን ከብባ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደጻፈው፣ ሜሎሳውያን በአማልክት እንደሚታመኑ ተናገሩ። የአቴና መልእክተኞች ግን አማልክትም ሆኑ ሰዎች አቅሙ እስካላቸው ይገዛሉ ብለው መለሱ። ደሴቲቱ ስትወድቅ እጃቸው የገቡትን ወንዶች ገደሉ፤ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ሸጡ።