ሰዓቱ ያው፣ ዜማው ሌላ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ድምፄ ሻከር ካለባችሁ ይቅርታ፤ ከመንገድ ከገባሁ ገና ሦስት ቀኔ ነው።

ሻንጋይ ነበርኩ። ለሥራ ነው የሄድኩት። የሥራውን ነገር ተዉት፣ ያሰለቻችኋል። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ በንድ ነው። ቻይናዎቹ ዋይታን ይሉታል። ከሁዋንግፑ ወንዝ በስተምዕራብ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የተደረደሩ የድሮ ባንኮች፣ ሆቴሎችና የንግድ ቤቶች ናቸው። "በንድ" ሲባል እንግሊዝኛ ይመስላል አይደል? ቃሉ ግን ከፋርስ ተነሥቶ፣ በሕንድ አድርጎ፣ ከእንግሊዞች ጋር የመጣ ነው። ውኃ የሚገታ ግድብ ማለት ነው። የኔ ጆሮ ደግሞ አማርኛ ነውና ስሙን በሰማሁ ቁጥር "ባንዳ" ትዝ ይለኛል። ምን ላድርግ።

መጀመሪያ የሄድኩት ማታ ነው። ሰው በሰው ላይ ነው። ፖሊሶች ተደርድረው መንገዱን ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። "ይሄ ሁሉ ፖሊስ ምን ይሠራል?" ብዬ አጉረመረምኩ። ኋላ ነው ትዝ ያለኝ። በ2014 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ እዚሁ ቦታ በተፈጠረ መረጋገጥ 36 ሰዎች ሞተዋል። አፌን ያዝኩ።

ያን ማታ ያየሁት በንድን አይደለም። ማዶ ያለውን ፑዶንግን ነው። 632 ሜትር የሚረዝመው ሻንጋይ ታወር፣ የሚብለጨለጨው የቴሌቪዥን ማማ። ሁሉም ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ሰልፊ ያነሳል። እኔም አርባ ምናምን ፎቶ አነሣሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

በማግስቱ በረራዬ ማታ ስለነበር ጠዋት ተመለስኩ። ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። መንገዱ ላይ ቆማችሁ ወንዙን ብትፈልጉት አታገኙትም። የእግረኛው መሄጃ የተሠራው በጎርፍ መከላከያው ግንብ አናት ላይ ነው፤ ወንዙን ለማየት ደረጃ መውጣት አለባችሁ። የባሕሩ መሙላትና መጉደል የወንዙን ውኃ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ከተማው ደግሞ የተቀመጠው ደለል ላይ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። ቻይና ኦፒየም የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ አይግባብኝ አለች፤ እንግሊዝ ወጋቻት። በ1842 በናንጂንግ ውል ወደቦችሽን ክፈቺ ተባለች፣ በ1843 ሻንጋይ ለውጭ ንግድ ተከፈተች። ከዚያ ጭቃው ላይ ባንክ በባንክ ሆነ።

በስተሰሜን ጫፍ አንድ ትንሽ መናፈሻ አለ። በ1868 ነው የተከፈተው። ቻይናዎች እንደ ልባቸው መግባት የቻሉት ግን በ1928 ነው። ስድሳ ዓመት! የፈረንጅ ልጅ የምትጠብቅ ቻይናዊት ሞግዚት ትገባ ነበር። "ቻይናና ውሻ መግባት ክልክል ነው" የሚል ታፔላ ነበር ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የተረፈው ደንብ አንዱ ተራ ቁጥር ላይ መናፈሻው ለውጭ አገር ሰዎች ነው ይላል፤ ሌላው ላይ ውሻና ብስክሌት አይገባም ይላል። ስለዚህ "ቃል በቃል እንደዚያ አልተጻፈም" ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔ ይሄ ክርክር አይጥመኝም። ከበር የተመለሰ ሰው ተራ ቁጥር አይቆጥርም።

አሁን እዚያ ውስጥ ሽማግሌዎች ስፖርት ይሠራሉ። መግቢያው በነፃ ነው።

ከዚያ ወደ ባንኩ ሄድኩ። በ1923 ያለቀው የሆንግኮንግና ሻንጋይ ባንክ ሕንፃ ነው። ዛሬ የሌላ ባንክ፣ የሻንጋይ ፑዶንግ ልማት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። በሩ ላይ ሁለት የነሐስ አንበሶች አሉ። አንዱ ያገሳል፣ ሌላው ዝም ብሏል። ገብታችሁ ቀና ስትሉ ጣሪያው ላይ ሞዛይክ አለ፤ ስምንት ከተሞች ዙሪያውን ተሥለዋል። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ኒውዮርክ፣ ቶኪዮ፣ ካልካታ፣ ባንኮክ፣ ሆንግኮንግ፣ ራሷ ሻንጋይም። ባንኩ ቅርንጫፍ ካሉት ከተሞች ስምንቱን ሰማይ ላይ ሰቅሏቸዋል። እንዲህ ያለ ጉራ አላየሁም፤ እንዲህ ያለ ውበትም።

በ1950ዎቹ ሕንፃው የከተማው አስተዳደር ቢሮ ሲሆን ይሄ ሞዛይክ በቀለም ተሸፈነ። በ1997 ሕንፃው ሲታደስ ከቀለሙ ሥር ወጣ። ሙሉ ነበር።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ቀቢው ነው። ስሙን አላውቅም። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ከተሞቹን አንድ በአንድ በብሩሽ ሲሸፍን። መዶሻ ይዞ መውጣትም ይቻል ነበር እኮ። የተዋረድክበት ዘመን ጣሪያህ ላይ አምሮ ሲያይህ መዶሻ ብታነሣ ማን ይፈርድብሃል? ግን ቀለም ተመረጠ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሣ ስል ዘበኛው በእጁ ከለከለኝ። ደስ አለኝ፤ አንገቴ እስኪያመኝ አየሁት።

ከባንኩ ቀጥሎ በ1927 የተሠራው ጉምሩክ ቤት ነው፣ ሰዓት ያለው ማማ። ሰዓቱ ከእንግሊዝ ነው የመጣው፣ ዜማውም የለንደኑ ነበር። በባህል አብዮቱ ጊዜ ማኦን በሚያወድስ መዝሙር ተለወጠ። ኋላ የእንግሊዙ ዜማ ተመልሶ ነበር፤ አሁን የምትሰሙት መዝሙሩን ነው። ስወጣ በእነሱ አሥር፣ በኛ አራት ሰዓት ሆነና ደወለ። አንድ አዛውንት ወደ ኋላቸው እየተራመዱ፣ እያጨበጨቡ ይመጣሉ። እዚያ አገር ለጤና ወደ ኋላ መራመድ የተለመደ ነው። ዜማውን አብረው እያንጎራጎሩ አለፉኝ። ሰዓቱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

ከዚያ በ2 ዩዋን መሻገሪያ ጀልባ ተሳፈርኩ። የቱሪስት ጀልባ አይደለም፤ ሠራተኞች ሞተራቸውን ይዘው የሚሻገሩበት ነው። አሸዋ የጫነ ረጅም ጀልባ ከፊታችን አለፈና ጠበቅነው። ፑዶንግ ከኋላዬ ነው፣ በንድ ከፊቴ። ከጎኔ ያለው ልጅ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ቁርሱን ይበላል። እኔም አንድ ፎቶ አነሣሁ። እሱ ግማሽ ፊቱ ገብቶበታል፣ የሰዓቱ ማማ ደግሞ ከትከሻው በላይ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።